ሰማንያው ከበቃ ሃያው ማን ይሁን?

በአንድ የሜካኒክስ ክፍለ ጊዜ ማብቂያ ላይ ስለ ተላላፊ በሽታዎች ስሌት እግረ መንገዳችንን ጥቂት ተናግረን ነበርና አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ዶክተር፣ ከመቶ ሰው ሰማንያው ከተከተበ በሽታው ይቆማል ብለውናል። እንግዲያውስ እኔ ከቀሩት ሃያዎቹ አንዱ ብሆን ምን ይጎድላል? መንግሥትስ በምን መብት ያስገድደኛል?» አለን። ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን የሚያጠግብ መልስ አልነበረንም፤ ሰዓቱ ማለቁ አዳነን። ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን የተገነዘብነው ቆይተን ነው። የመጀመሪያው በስሌት ይመለሳል፤ ሁለተኛው ግን በስሌት ብቻ አይመለስም። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሳችን ነው። (ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በርኑሊና ዳላምቤር

የፊዚክስ ተማሪ ዳንኤል በርኑሊን የሚያውቀው በፈሳሾች ሕጉ፣ ዣን ዳላምቤርን ደግሞ በእንቅስቃሴ መርሑ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት በ1760 በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የተከራከሩበት ጉዳይ ግን ፈሳሽም ኃይልም ሳይሆን ፈንጣጣ እንደነበረ የሚያውቅ ተማሪ እምብዛም አላጋጠመንም።

በዚያን ጊዜ የጄነር ክትባት ገና አልተገኘም፤ እርሱ የመጣው በ1796 ነው። የነበረው ዘዴ ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቁስል ጥቂት መግል ወስዶ የጤነኛውን ቆዳ በመጫር ማስገባት ነበር። ይህ ልማድ በአገራችንም ከጥንት ይታወቅ ነበር። በዚህ መንገድ የተከተበ ሰው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ሕመም ታምሞ ይድናል፤ አንዳንዱ ግን ይሞታል። በርኑሊ በስሌቱ ከ200 ተከታቢዎች አንዱ ይሞታል ብሎ ወሰደ። ከዚያም ፈንጣጣ ባይኖር ኖሮ አንድ አዲስ የተወለደ ሕፃን በአማካይ የሚኖረው ዕድሜ ከ26 ዓመት ከ7 ወር ወደ 29 ዓመት ከ9 ወር ከፍ እንደሚል አሰላ። ትርፉ ከሦስት ዓመት በላይ ነው፤ የመከተቡ አደጋ ከዚህ ላይ የሚቀንሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ መንግሥታት ክትባቱን ሊያበረታቱ ይገባል ሲል ደመደመ። ሕዝብን የሚያጠቃ በሽታ በልዩነት እኵልዮሽ ሲሰላ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

ዳላምቤርም ፈንጣጣ ማስከተብን የሚደግፍ ሰው ነበር። የተቃወመው ስሌቱ የሚናገርለትን ወገን ነው። አማካይ ዕድሜ ለመንግሥት ትርጉም አለው፤ መንግሥት ብዙ ዜጎች አሉትና። ግለሰቡ ግን ያለው አንድ ሕይወት ብቻ ነው፤ የሚመዝነውም በዚህ ወር የሚመጣበትን አደጋ ከብዙ ዓመት በኋላ ከሚያገኘው ትርፍ ጋር ነው። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ የራሳችንን ምሳሌ እንስጥ። 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው 30 ዓመት ይኖራሉ እንበል። አንድ ሕክምና 20ውን ወዲያው ገድሎ የቀሩትን 80 እስከ 50 ዓመት ያኖራል እንበል። አማካዩ ከ30 ወደ 40 አደገ! መንግሥት ተደሰተ፤ ነገር ግን ክንዱን ዘርግቶ የሚሰለፍ ማን ነው?

የዛሬ ክትባቶች አደጋቸው በርኑሊ ከወሰደው ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ እጅግ አነስተኛ ነው። የዳላምቤር ነጥብ ግን በዚህ አልተሻረም። ለብዙኃን የተሠራ አማካይ ለአንዱ ሰው ትእዛዝ የሚሆነው ሌላ ምክንያት ሲጨመርበት ነው። ያ ምክንያት ደግሞ በርኑሊ ስሌት ውስጥ አልነበረም፦ በሽታው ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ።

ሰንሰለቱ

የዩራኒየም ኒውክሊየስ በኒውትሮን ሲሰነጠቅ ሁለት ወይም ሦስት አዳዲስ ኒውትሮኖች ይለቃል። ከእነዚህ ውስጥ በአማካይ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ሌላ ኒውክሊየስ ከሰነጠቁ ሰንሰለቱ ይባዛል፤ ከአንድ በታች ከሆኑ ይከስማል። ወረርሽኝም እንዲሁ ነው። አንድ የፈንጣጣ ሕመምተኛ ምንም መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል ለአምስት ሰዎች ያስተላልፋል እንበል። ከአምስቱ አራቱ ቀድመው ከተከተቡ ለአንድ ሰው ብቻ ያስተላልፋል፤ በሽታው በቋፍ ላይ ይቆማል። ሰማንያ በመቶ የተባለው ከዚህ የመጣ ነው። ኩፍኝ ከፈንጣጣ ይልቅ ተላላፊ ነው፤ አንዱ ለ15 ያህል የሚያስተላልፍ ከሆነ ከ15ቱ 14ቱ፣ ማለትም 93 በመቶ ያህሉ መከላከያ ሊኖራቸው ይገባል። የተከተበ ሰው በሪአክተር ውስጥ ኒውትሮን እንደሚውጠው የመቆጣጠሪያ ዘንግ ነው፤ ራሱን ብቻ ሳይሆን ከበስተኋላው ያለውንም ይከልላል።

አሁን የተማሪያችንን የመጀመሪያ ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ሃያው ወንበር ባዶ አይደለም። ለመከተብ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ጨቅላ ሕፃናት፣ በሕመም ምክንያት የሰውነታቸው መከላከያ የደከመ፣ ተከትበውም ክትባቱ ያልያዘላቸው ሰዎች አስቀድመው ተቀምጠውበታል። ከዚህም በላይ ስሌቱ ሰዎች እንደ ጋዝ ሞለኪውል እኩል ይደባለቃሉ ብሎ ያስባል። ሰዎች ግን በመንደር፣ በቤተ ዘመድና በእምነት ይሰባሰባሉ። የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹን ሁሉ በአንድ ጥግ ቢሰገስጓቸው ሌላው ጥግ ይነዳል። የአገሪቱ አማካይ 95 በመቶ ሆኖ ሳለ ያልተከተቡት በተሰባሰቡበት መንደር ኩፍኝ የሚነሣው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን አሁንም አለ።

ሦስት ተባዢዎች

አንድ ሕመምተኛ ለስንት ሰው ያስተላልፋል የሚለው ቁጥር የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ በቀን የሚያገኛቸው ሰዎች ብዛት፣ በእያንዳንዱ ግንኙነት የመተላለፍ ዕድል፣ ሕመምተኛው ከሰው ጋር የሚቆይባቸው ቀናት። አንዱን በግማሽ ብንቀንስ ወይም ሁለቱን እያንዳንዳቸውን በ30 በመቶ ብንቀንስ ውጤቱ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ቀመሩ የትኛው እንደተቀነሰ አይገደውም። ለሰው ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የመጀመሪያውን መቀነስ ገበያና ለቅሶ መከልከል ነው፤ ሁለተኛውን መቀነስ ጭምብል ወይም መርፌ ነው፤ ሦስተኛውን መቀነስ ሕመምተኛውን ለይቶ ማቆየት ነው። እያንዳንዱ የሚነካው ነጻነት ሌላ፣ ዋጋውን የሚከፍለውም ሰው ሌላ ነው። በእኛ አመለካከት ስለ ነጻነትና ስለ ግዴታ መከራከር ያለብን እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዟ ሌስተር ከተማ ነዋሪዎች ይህንን ያለ ቀመር ተረድተውት ነበር። እንግሊዝ በ1853 ሕፃናትን ሁሉ ማስከተብ ግዴታ አደረገች፤ ሕጉ በ1867 ጠንክሮ እምቢ ያለ ወላጅ ደጋግሞ የሚቀጣበት ሆነ። ባለጸጋው ቅጣቱን ከፍሎ ይሄዳል፤ የድሃው የቤት ዕቃ ይወረሳል፤ ካልሆነም ይታሰራል። በመጋቢት 1885 በሌስተር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ስለ ክትባት የሚናገሩት ስሕተት እንደነበረ መሸሸግ አይገባም፤ ክትባቱ ይሠራ ነበር። ነገር ግን ከተማዋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ፈንጣጣ ሲታይ በፍጥነት እንዲነገር አደረገች፣ ሕመምተኛውን ለየች፣ አብረውት የነበሩትንም ለይታ እያቆየች ለባከነው የሥራ ቀናቸው ካሣ ከፈለች። መርፌውን እምቢ ያለው ሕዝብ ለይቶ ማቆያውን ተቀበለ ማለት ነው፤ ሦስተኛውን ተባዢ መረጠ። በ1898 የወጣው ሕግ ኅሊናው የማይፈቅድለት ወላጅ ከግዴታው ነጻ እንዲሆን ፈቀደ።

በአሜሪካ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1902 በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅ ከተማ ፈንጣጣ ሲነሣ ነዋሪው እንዲከተብ ታዘዘ። ሄኒንግ ጃኮብሰን የተባለ በስዊድን የተወለደ ፓስተር፣ በልጅነቱ ተከትቦ ክፉኛ እንደታመመ ገልጾ እምቢ አለ፤ 5 ዶላር ተቀጣ። በ1905 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ድምፅ ለ2 ፈረደበት። ዳኛው ጆን ማርሻል ሃርላን የጻፉት ፍርድ ማኅበረሰብ ራሱን ከወረርሽኝ የመከላከል መብት አለው ይላል፤ እርምጃው ከአደጋው ጋር ካልተመጣጠነ፣ ወይም ክትባቱ የሚጎዳውን ሰው የሚያስገድድ ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ጣልቃ ሊገባ እንደሚችል ያሳስባል። ቅጣቱ የገንዘብ ብቻ እንደነበረም ልብ እንበል፤ ክንዱን ይዞ በግድ የወጋው የለም።

ይህን ፍርድ ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ያቆሙታል። እኛ ወደፊትም ወደኋላም ጥቂት መሄድ እንፈልጋለን። ወደኋላ፦ በ1900 በሳን ፍራንሲስኮ የቸነፈር በሽታ ሲጠረጠር የቻይናውያን ሰፈር በገመድ ታጠረ፤ አጥሩ ግን የነጮችን ሱቆች እየዘለለ ነበር የሚዞረው። ባክቴሪያ የቆዳ ቀለም አይለይምና ፍርድ ቤት አጥሩን ሻረው። ወደፊት፦ በ1927 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአእምሮ ጉድለት አለባት የተባለች ካሪ ባክ የተባለች ወጣት በግድ እንድትመክን ሲፈቅድ፣ የጃኮብሰንን ፍርድ በማስረጃነት ጠቀሰ፤ የክትባቱ መርሕ ለዚህም ሰፊ ነው የሚል ክርክር ነበር። መካንነት ተላላፊ በሽታን አይከላከልም፤ በዚያ ፍርድ ውስጥ የሚሰበር ሰንሰለት አልነበረም። በእንደዚህ ያሉ ሕጎች በአሜሪካ ከ60,000 በላይ ሰዎች እንዲመክኑ ተደርገዋል። «ለሕዝብ ጤና» የሚለው ሐረግ ከአሠራሩ ሲለያይ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ለሚጠራጠር ይህ ይበቃዋል።

ከመጋቢት 2012 በኋላ

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ለአምስት ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ፤ በሕዝብ መገልገያ ስፍራ ጭምብል ግዴታ ሆነ። ሆኖም ሁሉም ሰው በቤቱ ይዘጋ አልተባለም። የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ለሚያገኝ ሰው የመጀመሪያው ተባዢ ከሁሉም ውድ ነውና፣ ይህ ምርጫ አስተዋይነት ነበረው እንላለን። (መጨባበጥን መከልከል ግን ለእኛ ቀላል አልነበረም፤ ክርን ለክርን ሰላምታ ስንለዋወጥ ስንት ሽማግሌ እንደታዘበን እናስታውሳለን።)

ለነሐሴ 2012 ዓ.ም. የታቀደው አገራዊ ምርጫም ተላለፈ። ደቡብ ኮሪያ ግን በሚያዝያ 2020 መራጮቿን በጭምብል፣ በጓንትና በሙቀት መለኪያ አሰልፋ ምርጫ አካሂዳለች። የሁለቱ አገሮች አቅም አንድ አይደለምና ማን ልክ ነበር ብለን አንፈርድም። የምንለው፣ ምርጫን ማስተላለፍ ከቀመሩ በቀጥታ የሚወጣ ውሳኔ አለመሆኑን ብቻ ነው።

ክትባቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ተከተለ። ኦስትሪያ በየካቲት 2022 አዋቂ ዜጎቿን ሁሉ የሚያስገድድ ሕግ አጸናች፤ በመጋቢት አገደችው፤ በዚያው ዓመት በጋ ሰረዘችው። ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ በተሠራጨበት ጊዜ ክትባቱ ከጽኑ ሕመምና ከሞት በእጅጉ ያድን ነበር፤ መተላለፍን መግታቱ ግን ደከም ያለ ነበር። ያን ጊዜ የመቆጣጠሪያ ዘንጉ ምሳሌ ይሳሳል፤ ግዴታውም «ጎረቤትህን እንዳታስይዝ» ከሚለው ምክንያት «አንተ እንዳትሞት፣ ሆስፒታሉም እንዳይጨናነቅ» ወደሚለው ይሸጋገራል። ሁለተኛውም ምክንያት ነው። ነገር ግን መንግሥት የትኛውን ይዞ እንደሚያስገድድ ለዜጋው መንገር አለበት፤ ማስረጃው ሲለወጥም ደንቡ አብሮ መለወጥ አለበት።

ሰማንያው የት ገባ?

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንን ተማሪ በኮሪደር አግኝተን ይህን ሁሉ ስናጫውተው፣ ስለ ፈንጣጣ መጥፋት ጠየቀን። በ1966 መጨረሻ በምሥራቅ ናይጄሪያ ክትባት ሲያጥር፣ ዊልያም ፌጊ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ሁሉን ሰው መከተብ ትተው ሕመምተኛውን እየፈለጉ በዙሪያው ያሉትን ብቻ ይከትቡ ጀመር። ከሕዝቡ ከግማሽ በታች ተከትቦ ሳለ በሽታው በዚያ ስፍራ ጠፋ።

«ታዲያ ሰማንያው የት ገባ?» አለ ተማሪው።

ሰማንያው በሽታው የት እንዳለ ሳያውቁ በጭፍን ለሚከትቡ ሰዎች የተሠላ ነው። ሕመምተኛው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ዘንጉን ኒውትሮኑ ባለበት ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ጥቂት ዘንግ ይበቃዋል። ዘመቻው በኢትዮጵያ በ1971 ሲጀመር ይኸው ዘዴ ተሠራበት። በዚያ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። በአንዳንድ ደጋማ አካባቢዎች ሕዝቡ አልከተብም አለ፤ የአገር ባህሉን መግል የመከተብ ልማድ የሚመርጡም ነበሩ፤ እርሱ ደግሞ እውነተኛውን ፈንጣጣ መልሶ ያሠራጫል። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር እየተጓዙ፣ ያለ ማግባባት የማይገቡበት መንደር ብዙ ነበር። ይህ ዘዴም ቢሆን በሁሉም ስፍራ ከኃይል ነጻ አልነበረም፤ በደቡብ እስያ በዘመቻው የመጨረሻ ዓመታት በር ተሰብሮ በግድ የተከተቡ ሰዎች ነበሩ። ተማሪያችን ይህንን ሲሰማ ዝም አለ፤ እኛም ዝም አልን።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ፣ ዲሞ በተባለች መንደር ነው። በዓለም በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በጥቅምት 1977 በሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ታመመ፤ ዳነም።