በቮልት ስለሚታዘዝ አወዛዋዥ

በአንድ ከተማ አየር ውስጥ በአንድ ሰዓት እልፍ አእላፋት የእጅ ስልኮች ይነጋገራሉ፤ ቃላቸውም ሳይደባለቅ እያንዳንዱ ለባለቤቱ ይደርሳል። ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉ፤ ለንግግሮቹ የሞገድ መንገድና ተራ እየተለየ ስለሚሰጣቸው ነው። መንገዱም የሚለየው ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ በመቍጠር ነው፤ ይህም ቍጥር ድግግሞሽ ይባላል። ውዝዋዜውን የሚያመነጨው መሣሪያ ኦሲሌተር ነው፤ በአማርኛ አወዛዋዥ ቢባል ይገባዋል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። የተጠመጠመ ሽቦና ካፓሲተር የሚባል የኤሌክትሪክ ማከማቻ በአንድነት ሲገናኙ፤ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ ሁለተኛው እየተመላለሰ ይወዛወዛል። ዳሩ ግን ተነክቶ እንደ ተተወ የበገና አውታር ቀስ በቀስ ደክሞ ዝም እንዳይል፤ የጐደለውን ኀይል የሚሞላ ማጉያ ያስፈልገዋል። አሜሪካዊው ሃርትሌይ በ1915፤ ኮልፒትስም በ1918 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር ያወጡት ሥርዐት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በገና ደርዳሪ ቅኝቱን ለመለወጥ አውታሩን ያጠብቃል ወይም ያላላል። በአወዛዋዡ ግን ቅኝቱን የሚለውጠው ቮልት፤ ይኸውም የኤሌክትሪክ ግፊት ነው። ቫራክተር የሚባለው ትንሽ ማከማቻ፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሰጠው ግፊት ሲበዛ የመያዝ አቅሙ ያንሳል፤ አቅሙም ሲያንስ ውዝዋዜው ይፈጥናል። የማከማቻው አቅም በጠቅላላው ወደ ሩብ ቢወርድ ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ ታላቅ ችግር አለ። ለትእዛዝ ፈጥኖ የሚታዘዝ አወዛዋዥ፤ ትእዛዝ ላልሆነው ሁካታም ፈጥኖ ይታዘዛል። ከሙቀት የተነሣ ኤሌክትሪክ በሚሄድበት ሁሉ ጥቃቅን ሁካታ አይጠፋም፤ ስለዚህ ውዝዋዜው ጥቂት ጥቂት እየቀደመና እየዘገየ ይዛነፋል። ያን ጊዜ ብርቱው የጎረቤት ሞገድ ወደ ደካማው መንገድ ገብቶ ቃሉን ያበላሸዋል። ሊሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1966 ዓ.ም. የዚህን ሁካታ ሕግ በአጭር ስሌት ገለጸ፤ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ የሽቦውና የማከማቻው ብክነት በግማሽ ቢቀነስ፤ ሁካታው ወደ ሩብ ይወርዳል።

የመጀመሪያው መድኀኒት ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ ነው። እርሱ ጽኑ ነው፤ ዳሩ ግን ዝግ ያለ ነው፤ ቅኝቱም ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ የፈጣኑ አወዛዋዥ ድግግሞሽ ተከፍሎ ከኳርትዙ ጋራ ይነጻጸራል፤ ልዩነት ሲገኝ በቮልት ይታረማል። ይህ ሥርዐት ፌዝ ሎክድ ሉፕ ይባላል። ዝግተኛውን ስሕተት ያርማል፤ ፈጣኑን መንቀጥቀጥ ግን ሊደርስበት አይችልም።

ሁለተኛው ሥራን መክፈል ነው። ሰፊው የቅኝት እርምጃ እንደ በር በሚከፈቱና በሚዘጉ ብዙ ጥቃቅን ማከማቻዎች ይፈጸማል፤ ለቮልቱ የሚቀረው ጥቂቱን ማስተካከል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁካታው የሚገፋው ነገር ያንሳል።

ሦስተኛው የሞገዱን ቅርጽ ማሳመር ነው። ሃጂሚሪና ሊ በ1998 ዓ.ም. የሁካታው ጉዳት ውዝዋዜውን በሚነካበት ቅጽበት እንደሚለያይ አስረዱ። ባባዬና ስታሼቭስኪም በ2013 ዓ.ም. ክላስ ኤፍ የተባለውን አወዛዋዥ ገለጹ፤ በዋናው ሞገድ ላይ ሦስት እጥፍ የሚፈጥን ሞገድ ተጨምሮ ቅርጹ ወደ አራት ማዕዘን ይቀርባል፤ የሁካታውም ጉዳት ይቀንሳል።

ዛሬ በአንዳንድ አገር አምስተኛው ትውልድ ስልክ በሴኮንድ 28 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ፤ የመኪና ራዳርም 77 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ የሚወዛወዝ ሞገድ ይሠራበታል። በዚህ ፍጥነት ቫራክተሩ ራሱ ኀይል ያባክናል። ስለዚህ 20 ቢሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ አወዛዋዥ ተሠርቶ፤ ከውስጡ ሦስት እጥፉ 60 ቢሊዮኑ እንዲወጣ ተደርጓል። ሁካታው በዚህ ዘጠኝ እጥፍ ቢያድግም፤ ምንጩ ንጹሕ ከሆነ ትርፍ ይገኝበታል።

መምህር ይህነን ሲያስተምር የክራር ሁለት አውታሮች ወደ አንድ ድምፅ እንዲቃረቡ አድርጎ በአንድነት ይምታቸው። ጥቂት ሲለያዩ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይሰማል፤ ሲስማሙ ይህ ይጠፋል። ተማሪው መሣሪያው ልዩነትን ፈልጎ እንዴት እንደሚያርም በጆሮው ያስተውላል፤ መታዘዝ ያለ ጽናት፤ ጽናትም ያለ መታዘዝ ቃልን ወደ ባለቤቱ እንደማያደርስ ይረዳል።