ብረት፣ ኢ-ብረት እና ከፊል ብረት ንጥረ ነገሮች፦ ለጤናዎ ምን ማለት ናቸው?

ልጅዎ ደብተሩን ይዞ መጥቶ «አዮዲን ብረት ነው ወይስ ኢ-ብረት?» ብሎ ቢጠይቅዎ፣ ጥያቄው ጓዳዎ ያለውን ጨውና የሚጠጡትን ውሃም ይመለከታል።

እንዴት ይለያሉ?

ብረቶች አብዛኛውን ጊዜ ያብረቀርቃሉ፤ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ሲቀጠቀጡ ይሳሳሉ እንጂ አይፈረካከሱም። መዳብ፣ አሉሚኒየምና ሊድ ከዚህ ወገን ናቸው። እንደ ድኝና ኦክስጅን ያሉት ኢ-ብረቶች ሙቀትና ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፉም። አርሴኒክ ደግሞ ከፊል ብረት ነው፤ እንደ ብረት ያብረቀርቃል፣ ሲመታ ግን ይሰባበራል።

መልክ ብቻውን ያሳስታል። አዮዲን ያብረቀርቃል፣ ነገር ግን ኢ-ብረት ነው። ሜርኩሪ ብረት ሆኖ ሳለ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ምድቡ ጠቃሚና ጎጂውንም አይለይልዎትም፦ አይረን ደማችን የሚፈልገው ብረት ነው፤ ሊድ ግን በትንሹም ቢሆን የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ አሮጌ የመኪና ባትሪ ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ አያስቀምጡ።

አዮዲን እና የጣና ዳር ማዕድ

በደጋው አገር ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ስላጠበው በአፈሩም በሰብሉም ውስጥ ያለው አዮዲን አነስተኛ ነው። እንቅርት በአማራ ክልል የቆየ ችግር የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ባሕር ዳር ወይም ጣና ዳር የሚኖሩ ከሆነ «እኛ ዓሣ እንበላለን» ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ነገር ግን አዮዲን የሚበዛው በባሕር ዓሣ ነው። ጣና ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ በመሆኑ ቆሮሶውም ሆነ አምባዛው ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ እንጂ በአዮዲን የሚተማመኑባቸው አይደሉም። አዮዲን ያለው ጨው ያስፈልግዎታል። በአገራችንም የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት እ.ኤ.አ. በ2011 በደንብ ተደንግጓል።

አዋቂ ሰው በቀን 150፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋቸዋል። በእርግዝና ወቅት እጥረቱ ከበረታ የጽንሱን የአእምሮ እድገት ሊጎዳ፣ ጽንሱንም ሊያስወርድ ይችላል።

በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን በእርጥበትና በሙቀት ይቀንሳል። ጨዉን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከምድጃ አርቀው ያስቀምጡ፤ አይጠቡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። ደም ግፊት ካለብዎ አዮዲን ያለውን ይምረጡ እንጂ መጠኑን አያብዙ።

ውሃ ማፍላት ምን ያደርጋል፣ ምንስ አያደርግም?

የሐይቅ ወይም የጉድጓድ ውሃ ማፍላት ተገቢ ነው፤ ተቅማጥ የሚያመጡ ተህዋስያንን ይገድላል። አርሴኒክ፣ ሊድና ፍሎራይድ ግን በእሳት አይጠፉም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ ያላቸው መጠን ከፍ ይላል። አርሴኒክ ጣዕምም ሽታም ቀለምም ስለሌለው በምላስ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ደግሞ ፍሎራይድ ስለሚበዛባቸው የልጆችን ጥርስ ያበላሻሉ። አዲስ ጉድጓድ ካስቆፈሩ ውሃው በላቦራቶሪ ሳይመረመር መጠጣት አይጀምሩ።

የአይረን እንክብል የሚወስዱ ከሆነ

ከቡናና ከሻይ ጋር አይውሰዱት፤ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያራርቁ። ብርቱካን ወይም ሎሚ ግን ያግዘዋል። ሰገራዎ ቢጠቁር አይደንግጡ፤ ከእንክብሉ ነው። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ለሐኪም ያሳዩ።

ወደ ጤና ተቋም መቼ ይሂዱ?

አንገትዎ ላይ እብጠት ካዩ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገርዎ፣ ወይም ሕፃን ልጅ የአይረን እንክብል ከዋጠ። የመጨረሻው አስቸኳይ ነው፤ ልጁ ደህና ቢመስልም ሳይዘገዩ ይውሰዱት፣ ማሸጊያውንም ይያዙ።