ከሽምግልና እስከ መልስ፦ የሙሽራዋ መንገድ

ሽማግሌዎቹ «አረፍ በሉ» ቢባሉም አይቀመጡም። የመጡበትን ጉዳይ ቆመው ነው የሚናገሩት፦ «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡልን»። የቤቱ ሰዎች ነገሩ ድንገተኛ እንደሆነባቸው ሁሉ «እስቲ እንመካከር» ብለው ቀጠሮ ይሰጣሉ። ልጅቱ ከጓዳ ሆና ታዳምጣለች። በዛሬው አዲስ አበባ ሽማግሌ የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ወጣቶች ተነጋግረው ከጨረሱ፣ አንዳንዴም ቀለበቱ ጣቷ ላይ ከገባ በኋላ ነው።

ታዲያ ሽምግልናው ለምን አልቀረም? ሁለት ቤተሰብ የሚተዋወቀው፣ የልጁ ጠባይና አስተዳደግ የሚጠየቀው በዚህ ስለሆነ ነው። ነገ በትዳሩ ውስጥ ቅያሜ ቢፈጠር ቀድመው የሚጠሩትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። የተለወጠው የሙሽራዋ ድርሻ ነው። ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰርጓ ቀን ያየች አያት ያላቸው ሙሽሮች ዛሬም አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን የተጋቢዎቹን ነጻ ፈቃድና ቢያንስ 18 ዓመት ዕድሜን ይጠይቃል። ከሰርጉ ድምቀት ሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ይህ ነው።

እሺታው እንደተገኘ ቀን ይቆረጣል። ለኦርቶዶክስ ተጋቢዎች ቀኑን የሚወስነው ጾም ነው፤ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና የነቢያት ጾም፣ ከዚያም 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም አለ። በሁለቱ መካከል ያለችው ጥር ናትና አዳራሹም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ፎቶ አንሺውም በእሷ ሽሚያ ይበዛባቸዋል። ጥር ያመለጠቻት ሙሽራ ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ትጠብቃለች።

ለሰርጉ ቀን ብዙዎች ቬሎ ይከራያሉ። ነጭ የሙሽራ ቀሚስ በአውሮፓ የገነነው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች ወዲህ ነው፤ እዚህ ግን ነጭ ድሮም የክት ልብስ ነበር። ቬሎ ስትለካ ሙሽራዋ ቆማ ብቻ መስታወት ማየት አይበቃትም። ቁጭ ብላ፣ እጇን አንስታ፣ በምትጫማው ጫማ ተራምዳ ልትሞክረው ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ የምትጨፍረው በእሱ ነውና።

የሐበሻ ቀሚሱ ሌላ ጉዞ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ሱቆቹ ተደርድረዋል፤ ከጋሞ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ሙያቸውን ይዘው ከሰፈሩባቸው መንደሮች አንዱም ይኸው ነው። ሸማኔው ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ያመላልሳል። ጥበቡ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረ በድሩ መካከል ያስገባል። ዋጋውን የሚሰቅለውም ይህ ነው፤ ጥበቡ በሰፋና በረቀቀ ቁጥር የሥራው ቀን ይረዝማል። ስለዚህ ለጥር ሰርግ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ማዘዝ ሸማኔውንም ሙሽራዋንም ያስጨንቃል። ዘግይቶ ዋጋ መከራከርም ለዚህ ልፋት አይገባም።

በዋዜማው፣ ልማዱ ባለባቸው ቤቶች፣ ሴቶች የእንሶስላ ሥር ወቅጠው የሙሽራዋን እጅና እግር ያቀላሉ። በማግስቱ ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሙሽራዋ ወገኖች በሩን ዘግተው በዘፈን ይሞግቱታል፤ ሽቶ ተረጭቶ፣ ተለምኖ ነው የሚገባው። ወላጆች ጉልበት ተስመው ይመርቃሉ። በተክሊል የሚጋቡት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይቆርባሉ።

መልሱ የሙሽራዋ ቤተሰብ ድግስ ነው። ሙሽሮቹ በሐበሻ ልብስ፣ በወርቃማ ጥልፍ ያጌጠ ካባ ደርበው ይመጣሉ፤ ድፎው ይቆረሳል፣ ዶሮው ይቀርባል። በዚህ ሁሉ ግርግር የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። በሃይማኖትም ሆነ በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ በክብር መዝገብ መመዝገብ አለበት። ውርስ፣ ቪዛ ወይም የንብረት ጥያቄ በመጣ ጊዜ ሙሽራዋ የምትጠየቀው የሰርግ አልበሟን ሳይሆን የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን ስለሆነ፣ ሚዜዎቹ ሳይበተኑ ወደ ወረዳው ጎራ ማለቱ ይበጃል።