ጤፍና ፍራፍሬ በአንድ ድስት፦ ከግሉተን ነፃ መጋገር ከአውድማና ከወፍጮ ይጀምራል

ፍራፍሬ የሚያለማ አርሶ አደር ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ። ማንጎውም ሆነ ኮኩ የሚደርሰው በአንድ ሰሞን ነው። የአካባቢው ጓሮ ሁሉ እኩል ሲያፈራ ገበያው ይጠግባል፤ ዋጋውም ይወድቃል። በመንገድ የተጋጨው፣ ከልክ በላይ የበሰለውና ወፍ የነካው ፍሬ ገዥ ስለማያገኝ ከዛፉ ሥር ይቀራል። በሌላ በኩል በየጎተራው ያለው ጤፍ ከእንጀራና ከገንፎ አልፎ ለጋገራ ሲውል እምብዛም አይታይም። ዳቦና ኬክ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ስንዴን ነው።

እነዚህን ሁለት ምርቶች በአንድ ድስት የሚያገናኝ ቀላል የቤት ውስጥ ጋገራ አለ። በአሜሪካ "ኮብለር" ይባላል። የተከተፈ ፍራፍሬ ከሥር ተደርጎ፣ ሊጥ በማንኪያ ከላይ እየተጣለበት የሚጋገር ምግብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ምዕራብ አሜሪካ የተጓዙ ሰፋሪዎች ምድጃ ስላልነበራቸው በብረት ድስት ይጋግሩት ነበር። ድስቱን ፍም ላይ ያስቀምጡና በክዳኑም ላይ ፍም ይደረድራሉ። ይህ አሠራር ለእኛ አገር እናቶች እንግዳ አይደለም። ድፎ ዳቦ የሚጋገረውም ከታችና ከላይ በሚነድ እሳት ነው።

የአሜሪካው ኮብለር የሚሠራው በስንዴ ዱቄት ሲሆን፣ በጤፍና በሩዝ ዱቄት ሲሠራ ግን ከግሉተን ነፃ ይሆናል። ይህ ለብዙው ሰው የምርጫ ጉዳይ ነው። ለአንዳንዱ ግን የጤና፣ ለሕፃን ደግሞ የዕድገት ጉዳይ ነው።

ግሉተን ምንድን ነው?

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና "ራይ" በሚባለው የውጭ አገር እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የስንዴ ሊጥ ሲጎተት የሚለጠጠው፣ ዳቦውም አየር ይዞ የሚነፋው በእርሱ ምክንያት ነው። ጤፍ፣ ሩዝ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ዳጉሳ ግሉተን የላቸውም።

ሴሊያክ የተባለ ሕመም ያለበት ሰው ግሉተን ሲመገብ የሰውነቱ መከላከያ በራሱ ትንሽ አንጀት ላይ ይነሣል። ምግብን ወደ ደም የሚያስገባው የአንጀት ግድግዳ ይጎዳል። ውጤቱ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስና የክብደት መቀነስ ሊሆን ይችላል፤ በሕፃናት ላይ ደግሞ የዕድገት መቀጨጭ ያስከትላል። ምልክቶቹ ከአንጀት ጥገኛ ትላትልና ከምግብ እጥረት ጋር ስለሚመሳሰሉ በቀላሉ አይለይም። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ100 ሰዎች 1 ያህሉ ሕመሙ እንዳለበት ይገመታል። የሕመሙን ከስንዴ ጋር መያያዝ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ) ያሳየው ቪለም ዲኬ የተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነው።

መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ግሉተን ያለበትን ምግብ ለዘለቄታው መተው። ሆኖም ሕመሙ የተጠረጠረበት ሰው ሳይመረመር በፊት ስንዴና ገብስ ማቆም የለበትም። ምግቡ አስቀድሞ ከቆመ የደም ምርመራው ሕመሙን ላያሳይ ይችላል። ቅድሚያ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ጤፍ በውጭው ዓለም ተፈላጊ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በአሜሪካዋ አይዳሆ ግዛት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ጤፍ ይመረታል። በኔዘርላንድስ ደግሞ በጤፍ ዱቄትና ከእርሱ በሚሠሩ ምግቦች ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተይዞ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም መብቱ ዋጋ እንደሌለው ወስኗል። ሌላው ዓለም ይህን ያህል የሚፈልገው እህል በእኛ አርሶ አደር እጅ ያለ ነው።

ንጽሕናው የሚበላሸው የት ነው?

ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም ማለት ከወፍጮ የወጣው ዱቄት ሁሉ ከግሉተን ነፃ ነው ማለት አይደለም። ለዚህም ነው ጉዳዩ ከኩሽና በፊት የአርሶ አደሩና የወፍጮ ቤቱ ጉዳይ የሚሆነው።

የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ አንድ ምግብ "ከግሉተን ነፃ" እንዲባል በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ይህ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ኩንታል የጤፍ ዱቄት እንውሰድ። ለአንድ ኩንታል የሚፈቀደው ግሉተን 2 ግራም ብቻ ነው። ከስንዴ ዱቄት ውስጥ አንድ አሥረኛው ገደማ ግሉተን ስለሆነ፣ 20 ግራም ያህል የስንዴ ዱቄት ከኩንታሉ ጋር ቢቀላቀል ወሰኑ ላይ ይደርሳል። 20 ግራም ዱቄት ደግሞ እፍኝ እንኳ አይሞላም። በወፍጮው ድንጋይና በመውረጃው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው የስንዴ ዱቄት ከዚህ ሊበልጥ ይችላል።

በአውድማ ላይ የሚደርሰው መቀላቀል ግን መፍትሔ አለው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በጥሩ ወንፊት ሲነፋ ጤፉ ያልፋል፤ ያልተሰበረው ስንዴና ገብስ ከላይ ይቀራል። ስለዚህ ጤፉ ሳይፈጭ መነፋት አለበት። አንዴ ከተፈጨ በኋላ የጤፍን ዱቄት ከስንዴ ዱቄት የሚለይ ወንፊት የለም። "ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" እንደሚባለው፣ የጤፉም ንጽሕና የሚለየው በአያያዙ ነው።

በተግባር የሚከተሉትን ማድረግ ይቻላል፦

- ጤፍ ስንዴና ገብስ ባልተወቃበት አውድማ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ መውቃት፤
- የስንዴ ዱቄት ይዞ የነበረን ከረጢት ለጤፍ አለመጠቀም፤
- ጤፉን ከመፍጨት በፊት ደጋግሞ መንፋትና ማበጠር፤
- ለጤፍ ብቻ በተለየ ወፍጮ ማስፈጨት፤ ይህ ከሌለ ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ኪሎ ለሌላው ቤተሰብ እንጀራ አውሎ፣ የቀጣዩን ዱቄት ለሕመምተኛው መያዝ። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

የመስኖ ስንዴ በተስፋፋባቸው ወረዳዎች ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። ወደ አንድ ወፍጮ ቤት የሚገባው ስንዴ ሲበዛ ከጤፍ ጋር የመቀላቀል ዕድሉም ይጨምራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ለሚበቃ አንድ ድስት የሚከተለው ልክ ይሠራል።

ለፍራፍሬው፦ የተላጠና ፍሬው የወጣለት ኮክ ወይም ማንጎ 1 ኪሎ ግራም፤ ስኳር ከ3 እስከ 5 የሾርባ ማንኪያ እንደ ፍሬው ጣፋጭነት፤ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፤ የሩዝ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ፤ የተፈጨ ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ ወይም ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ።

ለሊጡ፦ የጤፍ ዱቄት 150 ግራም፤ የሩዝ ዱቄት 100 ግራም፤ ስኳር 50 ግራም፤ ቤኪንግ ፓውደር 2 የሻይ ማንኪያ፤ ጨው በቁንጥር፤ ለጋ ቅቤ 80 ግራም፤ እንቁላል 1፤ ወተት 150 ሚሊ ሊትር።

ነጭ ጤፍ ለስለስ ያለ ጣዕም ይሰጣል። ሰርገኛና ቀይ ጤፍም ይሆናል፤ ጣዕማቸው ግን ጠንከር ይላል። ጤፍ ብቻውን ሲጋገር ሊከብድ ስለሚችል የሩዝ ዱቄቱ ያቀለዋል። በፎገራና አካባቢው ሩዝ ሲፈተግ የሚሰባበረው ከሙሉው ሩዝ በርካሽ ስለሚሸጥ ለዚህ ዓላማ ቢፈጭ ያዋጣል። ቅቤው ለወጥ የተነጠረ ከሆነ የቅመሙ ሽታ ፍራፍሬውን ይሸፍነዋል፤ ለጋው ይመረጣል። በአንዳንድ ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ የስንዴ ስታርች ሊኖር ስለሚችል ሕመምተኛ ላለበት ቤት ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል።

በጾም ወቅት በቅቤው ፋንታ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በወተቱ ፋንታ ውኃ መጠቀም ይቻላል። እንቁላሉን ተልባ ይተካዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ ለ10 ደቂቃ ማቆየት ነው። ተልባው የሚያወጣው ልጋግ ግሉተን የሌለውን ሊጥ ያያይዘዋል።

አሠራሩ

ኮክ ከሆነ ለአንድ ደቂቃ ያህል በፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ መክተት ልጣጩን በቀላሉ ያስለቅቃል። የተጋጨው ፍሬ የቆሰለው ክፍል ብቻ ተቆርጦ ይጣል፤ የሻገተ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ያለው ግን ሙሉ በሙሉ ይወገድ።

ፍራፍሬው ተከትፎ ከስኳሩ፣ ከሎሚው፣ ከሩዝ ዱቄቱና ከቅመሙ ጋር በብረት ድስት ይደረግና እሳት ላይ ይጣዳል። እያማሰሉ መንተክተክ እስኪጀምር ይጠበቃል። ይህ ደረጃ መዘለል የለበትም። ሊጡ በቀዝቃዛ ፍራፍሬ ላይ ከተጣለ ከላይ ሲበስል ከሥሩ ጥሬ ይቀራል።

በዚህ መሐል ደረቁ ዱቄት ሁሉ አንድ ላይ ይነፋል። ወንፊቱ ስንዴ ያልተነፋበት ይሁን፤ አሮጌ ወንፊት በቀዳዳው ውስጥ ዱቄት ይዞ ይቆያል። ቅቤው በጣት እየታሸ ከዱቄቱ ጋር ይዋሐዳል። ከዚያ እንቁላሉና ወተቱ ተመትተው ይጨመሩና ይለወሳል። ሊጡ ከማንኪያ ቀስ ብሎ የሚወድቅ ወፍራም መሆን አለበት። ጤፍና ሩዝ ፈሳሽ የሚመጡት ቀስ እያሉ ስለሆነ 10 ደቂቃ ይረፍ። እንደ ስንዴ ሊጥ ደጋግሞ ማሸት አያስፈልግም፤ የሚለጠጥ ነገር ስለሌለው ማሸቱ አይጠቅመውም።

ሊጡ በሾርባ ማንኪያ እየተጨለፈ በሚንተከተከው ፍራፍሬ ላይ እዚህም እዚያም ይጣላል። እንፋሎት መውጫ እንዲያገኝ በመካከሉ ክፍተት ይተው። ምድጃ ያለው ቤተሰብ ሳይከድን በ190 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይጋግረዋል። ምድጃ ከሌለ ድስቱ በክዳን ተከድኖ ከፍሙ አንድ ሦስተኛው ከሥር፣ ሁለት ሦስተኛው በክዳኑ ላይ ይደረጋል። ከሥር ያለው ፍም ከበዛ የፍራፍሬው ስኳር ያርራል። እሳቱ እኩል እንዲያገኘው ድስቱን በየ10 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ማዞር ይጠቅማል።

መብሰሉን በቀለም ብቻ መለየት አያስተማምንም፤ ጤፍ ከጥሬውም ጠቆር ያለ ነውና። ንጹሕ ስንጥር በሊጡ መካከል ተሰክቶ ደረቅ ሆኖ ሲወጣ፣ ዳር ዳሩ ላይ ያለው የፍራፍሬ ጭማቂም ወፈር ብሎ ሲንተከተክ በስሏል ማለት ነው። ከእሳት ከወጣ በኋላ 20 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ጭማቂው የሚረጋው በዚህ ጊዜ ነው። በዕለቱ ቢበላ ይመረጣል፤ ካደረ ሊጡ ስለሚደርቅ ሞቅ ተደርጎ ይቀርባል።

ከቤት ወደ ገበያ

ይህን መሰል ጋገራ በአንድ ጊዜ አንድ ኪሎ ፍራፍሬ ቢጠቀም የገበያውን ትርፍ ሁሉ አያነሣም። ለቤተሰብ ግን ከዛፍ ሥር የሚቀረውን ፍሬ ወደ ማዕድ ይመልሳል። ለሴቶችና ለወጣቶች የሥራ ማኅበራትም የገቢ ምንጭ መሆን ይችላል። ለገበያ የሚያቀርቡ ማኅበራት ማወቅ ያለባቸው ነገር ቢኖር፣ "የጤፍ ኮብለር" ብሎ መሸጥና "ከግሉተን ነፃ" ብሎ መሸጥ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ሁለተኛው በላቦራቶሪ መረጋገጥ ያለበት የጤና ቃል ነው። ቃሉ ሳይረጋገጥ ቢጻፍ የሚጎዳው አምኖ የገዛው ሕመምተኛ ነው።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች አሠራሩን በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከላት በፍራፍሬ ወቅት ማሳየት ይችላሉ፤ ለዚህ ብረት ድስትና ፍም ይበቃል። ከወፍጮ ባለቤቶች ጋር በመነጋገርም ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ ጠዋት መጀመሪያ የሚፈጨው ጤፍ እንዲሆን ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ ተቅማጡ የማይቆምለትንና ክብደት የማይጨምረውን ሕፃን ወደ ምርመራ በመላክ ድርሻቸውን መወጣት ይኖርባቸዋል። አርሶ አደሩም ጤፉን ከስንዴው ለይቶ ከወቃና ሳይፈጭ ከነፋ፣ ስንዴ መብላት ለማይችለው ልጅ የሚሆን ዱቄት ከራሱ ጎተራ ማግኘት ይችላል።