የመጠጥ ሱስ መድኃኒት፦ የትኛው አደጋ ይከብዳል?

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ጠላ ያልተጠመቀበት ማኅበርም ሰርግም አይታሰብም። ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰውም በየሰፈሩ አለ። ቤተሰብ ምክሩም ሽምግልናው አልሆን ሲለው፣ «መድኃኒት አለ ይባላል፤ ግን አይጎዳውም ወይ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ግን የመድኃኒቱ፣ የመጠጡና በድንገት የማቆም አደጋ አብረው ሲመዘኑ ነው።

የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያቆም በ2 ቀን ውስጥ ሊያንቀጠቅጠውና ሊጥለው፣ በ3ኛው ቀን ግድም ሊያቃዠው ይችላል፤ የሚሞትም አለ። ጠበል ቢገባም ቤት ቢዘጋበትም ያው ነው። በነዚህ ቀናት ዲያዜፓም ሕይወት ያተርፋል፣ ቫይታሚን ቢ1 አንጎልን ይጠብቃል። ዲያዜፓም ከአረቄ ጋር ከተገናኘ ግን ትንፋሽ ያፍናል፤ ሲቆይም ራሱ ሱስ ይሆናል። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ብቻ፣ በባለሙያ ክትትል ይሰጣል።

ካቆሙ በኋላ ከሚሰጡት ውስጥ ጥንቃቄ የሚሻው ዳይሰልፊራም ነው። ሰውነት አልኮልን የሚያጣራበትን መንገድ መሃል ላይ ይዘጋል። የወሰደው ሰው ጠላ ቢቀምስ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ የልብ ሕመምተኛን ሊገድል ይችላል። ክኒኑ ከቆመ በኋላም እስከ 2 ሳምንት ያሰጋል። ጉበትን ሊጎዳ፣ ከሳንባ ነቀርሳው መድኃኒት ከአይሶናያዚድ ጋር ሲወሰድም አእምሮን ሊያውክ ይችላል። በመሆኑም ሰውየው ሳያውቅ ወጥ ውስጥ ደብቆ መስጠት ፍቅር ቢመስልም ነፍስ ያጠፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለመጠጥ ሱስ የሚሰጡትን ናልትሬክሶንንና አካምፕሮሴትን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷል። ሁለቱም ቢጠጣባቸው እንደ ዳይሰልፊራም አይጥሉም። ናልትሬክሶን ትራማዶልና ሞርፊን ለሚወስድ አይሆንም፤ አካምፕሮሴት ኩላሊቱ ክፉኛ ለተጎዳ አይሰጥም።

እነዚህ አደጋዎች ታውቀው በጥያቄና በምርመራ የሚቀነሱ ናቸው፤ የአረቄው ጉዳት ግን ጠያቂ የለውም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ቤት ውስጥ የሚወጣው አረቄ ግን መጀመሪያም ማስታወቂያ አልነበረውም። ሕክምናው ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ የሚያስኬድ መሆን የለበትም። በየወረዳው ጤና ጣቢያ ስለ መጠጡ ሳያሳፍር የሚጠይቅ፣ የታካሚውን ጉበት የሚያስመረምር፣ የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶች የሚያጣራ ባለሙያ ይኑር። ያኔ መድኃኒቱ ከአደጋው ይልቅ ጥቅሙ ያመዝናል።