ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩ፦ የትዳር ጓደኛን ወደ ካናዳ ስለ ማስመጣት



ከጉዴሌ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እህታችን በቅርቡ ያቀረቡልን ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል። እኚህ እህት ከአንድ ወንድማችን ጋር ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረዋል። የቤቱን ኪራይ አብረው ከፍለዋል፤ ልጆቹንም ወልደዋል። ሆኖም ሽማግሌ አልተላከም፣ ቄስም ሆነ ሼህ አልተጠራም፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የፈረመም የለም። ወንድማችን በዘመዶቹ አማካይነት ወደ ካናዳ የሚሄድበት ዕድል ሲከፈትለት "ያገባህ ነህ ወይስ ያላገባህ?" ለሚለው የቅጹ ጥያቄ "ያላገባ" ብሎ ሞላ። ውሸት የጻፈ አልመሰለውም። ዛሬ እሱ ዊኒፔግ ነው፤ እሳቸውና ልጆቹ ጉዴሌ ናቸው።

"ሚስቱ ነኝ እንዳልል ወረቀት የለኝም፤ አይደለሁም እንዳልል ልጆቼ ምን ሊሆኑ ነው?" አሉን።

ይህ የእኚህ እህት ችግር ብቻ አይደለም። በጉዴሌም ሆነ በጎሮም የስደተኞች ሰፈር ብዙ ወገኖቻችን በዚሁ ዓይነት ይኖራሉ። ሽማግሌ የሚሆኑት አባቶች አገር ቤት ቀርተዋል ወይም ተበትነዋል፤ ለድግሱም ገንዘብ የለም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ይተዋወቃሉ፣ ኪራይ ለመቀነስም ሆነ ለመደጋገፍ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገባሉ፣ ኑሮውም ትዳር ሆኖ ይቀጥላል። ጉዳዩ የሚነሣው ቅጽ ለመሙላት የተቀመጡ ዕለት ነው።

የካናዳ ሕግ እንዲህ አብረው ለሚኖሩ ሰዎች "ኮመን ሎው ፓርትነር" የሚል ስም ሰጥቷቸዋል። በአማርኛ ይህን ቁርጥ አድርጎ የሚገልጽ የክብር ስም የለንም። ቅምጥ ወይም ውሽማ ብንል ሰው መስደብ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ "አብሮ የሚኖር የትዳር ጓደኛ" እንላለን። እ.ኤ.አ. ከጁን 28 ቀን 2002 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የካናዳ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ደንብ እንደሚለው፣ አንድ ሰው ከሌላው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ አንድ ዓመት በአንድ ቤት ከኖረ አብሮ የሚኖር የትዳር ጓደኛ ነው። ወደ ካናዳ በማስመጣት ረገድም በሕግ ከተጋባው ጋር እኩል ይታያል። ሁለቱም ዕድሜያቸው ቢያንስ 18 ዓመት መሆን አለበት።

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፣ "ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ ስለ መኖር" ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ይህ አዋጅ የሚሠራው በፌዴራል መንግሥቱ ሥር ባሉት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በአዋጁ መሠረት አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ንብረት የጋራ የሚሆነው ኑሮው ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከሆነ ነው። አንዳንድ አንባብያን ይህን ሰምተው "ሦስት ዓመት ስላልሞላን አይመለከተንም" ሲሉ ሰምተናል። ሦስቱ ዓመት የንብረት ጉዳይ ነው፤ ለካናዳ የሚጠየቀው አንድ ዓመት ነው።

አንድ ዓመቱ የተከታተለ መሆን አለበት። ዓርብ ዓርብ መገናኘት፣ ወይም እሱ ቦር እሷ ጁባ ሆነው በስልክ መጠያየቅ አብሮ መኖር አይባልም። ነገር ግን አንድ ዓመቱ ከሞላ በኋላ በሥራ፣ በሕመም ወይም በጦርነት ምክንያት ለጊዜው ቢለያዩና ግንኙነታቸው ባይቋረጥ መብታቸው አይጠፋም። በጁላይ 2016 በጁባ በተነሣው ውጊያ ጊዜ ጉዴሌን ለቀው አንዱ ወደ ዩጋንዳ ሌላው ወደ ካምፕ የሸሹ ጥንዶች እንደነበሩ እናስታውሳለን። እንዲህ ያለው መለያየት ምክንያቱ ተጽፎ ከቀረበ የሚያስነቅፍ አይደለም።

ደንቡ ለስደተኛ የሚጠቅም ሌላም ቃል አለው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንደ ባልና ሚስት የሆነ ግንኙነት ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ በሚደርስባቸው ስደትና ማሳደድ ወይም በእስር ምክንያት በአንድ ቤት መኖር ካልቻሉ፣ አብረው እንደኖሩ ይቆጠርላቸዋል። በሃይማኖት ወይም በጎሣ ምክንያት አብረው ቢታዩ ለሕይወታቸው የሚያሰጋቸው ሰዎች ይህን ሊጠቅሱ ይችላሉ። የገንዘብ እጥረት ወይም የቤት ጥበት ግን ከዚህ ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በሽማግሌዎች ፊት፣ በባህል ወይም በሃይማኖት ሥርዓት የተጋባ ሰው የተጋባ እንጂ ዝም ብሎ አብሮ የሚኖር አይደለም። የኢትዮጵያ ሕግ በማዘጋጃ ቤት የተፈጸመውን ብቻ ሳይሆን በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመውንም ጋብቻ ይቀበላል። ካናዳም ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕግ የጸና መሆኑን ነው የምትጠይቀው። ስለዚህ ወረቀቱ ስለጠፋ ብቻ "አልተጋባንም" ብሎ መሙላት ስሕተት ነው። የተጋቡ ከሆኑ "የተጋባን ነን፣ ወረቀቱ በዚህ ምክንያት የለም" ብለው ይጻፉ፤ የነበሩ ምስክሮችንም ይጥቀሱ።

በውክልና ወይም በስልክ ስለሚደረገው ጋብቻም ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። እሱ ካልጋሪ ሆኖ እሷ ጁባ፣ ወንድሙ በእሱ ቦታ ቆሞ ቀለበት ያስራል። ካናዳ ግን እ.ኤ.አ. ከጁን 11 ቀን 2015 ወዲህ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ እንዲህ ያለውን ጋብቻ አትቀበልም። ሙሽሮቹ ሁለቱም በአካል መገኘት አለባቸው። ከሠርጉ በፊት አንድ ዓመት አብረው ኖረው ከሆነ ግን በአብሮ መኖሩ በኩል ማመልከት ይቻላቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው በቅጹ ላይ የማሳወቁ ጉዳይ ነው። በደንቡ አንቀጽ 117 ንዑስ ቁጥር 9 መሠረት፣ አንድ ሰው ወደ ካናዳ ለመግባት ሲያመለክት የነበረውን የትዳር ጓደኛና ልጅ ካላስመዘገበና እነርሱም ካልተመረመሩ፣ በኋላ በቤተሰብነት ሊያስመጣቸው አይችልም። ሕጉ "ረስቼ ነው" ወይም "ሚስት የምትባል አልመሰለኝም" የሚለውን አይለይም። ልጆቹም እንደ እናታቸው ሊታገዱ ይችላሉ። ስለዚህ በቃለ መጠይቅ ጊዜ ከጎንዎ የሚኖረውን ሰው ስም ይናገሩ። አብሮ ለማመልከት ባይፈልግም፣ ዛሬ ባይሄድም፣ ሰነዱ ባይሟላም ስሙ ይግባ። ሐኪም ጋ ቅረቡ ሲባልም "እኔ የምሄድ አይደለሁም" ብሎ መቅረት አይገባም፤ ምርመራው ለወደፊቱ በሩን ክፍት የሚያደርግ ነው። ቅጹን ከሞሉ በኋላ አዲስ ሰው ወደ ሕይወትዎ ከገባ ወይም ልጅ ከተወለደ፣ ከመሳፈርዎ በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ። "ፋይሉ ይዘገይብሃል፣ ዝም በል" የሚሉ ወዳጆች አሉ። ሊዘገይ ይችላል፤ ግን የጥቂት ወራት መዘግየት ከዓመታት መለያየት ይቀላል።

በስደተኝነት ወደ ካናዳ ለሚሄድ ሰው ይህን በወቅቱ ማድረግ ሌላም ጥቅም አለው። ከመነሣቱ በፊት ስሟን ካስመዘገበ፣ ካናዳ ገብቶ ቋሚ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ሳይሞላ እሷ በዚያው በስደተኛነት ፋይል ማመልከት ትችላለች። ይህ የአንድ ዓመት መስኮት ይባላል። ስፖንሰር የሚጠየቀውን ግዴታ ሳይፈርም ቤተሰቡን የሚያስከትልበት መንገድ ስለሆነ ቀኑ እንዳያልፍ ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ይቁጠር። መጀመሪያ ሥራ ልያዝ፣ ቤት ላግኝ እያሉ አሥራ ሦስተኛው ወር ላይ የሚነቁ ወንድሞችና እህቶች አሉ።

መስኮቱ ካለፈ ያለው መንገድ መደበኛው የቤተሰብ ስፖንሰር ነው። የሚያስመጣው ሰው ዜጋ፣ ወይም በካናዳ የሚኖር ቋሚ ነዋሪ መሆን አለበት። ከአካል ጉዳት ውጭ በሆነ ምክንያት የመንግሥት የድጎማ ገንዘብ የሚቀበል መሆን የለበትም። ራሱ በትዳር ጓደኛ ስፖንሰርነት የመጣ ከሆነ ቋሚ ነዋሪ ከሆነ አምስት ዓመት እስኪሞላው ሌላ የትዳር ጓደኛ ማምጣት አይችልም። እንደ ወላጅ ማምጣት ግን የተወሰነ ገቢ በአብዛኛው አይጠየቅም። ለሦስት ዓመት ሊረዳት ግዴታ ይገባል፤ ቢጣሉና ቢለያዩም ግዴታው አይነሣለትም። በዚህ መንገድ የምትመጣው ሰው ስደተኛ መሆን አያስፈልጋትም። በጉዴሌ በንግድ ወይም በሆቴል ሥራ የሚተዳደሩ፣ የስደተኛ ካርድ የሌላቸው ወገኖቻችንም ይመለከታቸዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው እንምጣ፤ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። ካናዳውያን ግንኙነቱ የእውነት መሆኑን የሚመዝኑበት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1980 በኦንታሪዮ ፍርድ ቤት በተሰጠ ውሳኔ ላይ የቆመ ሲሆን፣ በ1999 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቀብሎታል። በአንድ ቤት ማደር፣ መተማመንና መቀራረብ፣ የቤት ሥራን መረዳዳት፣ በኅብረተሰቡ ፊት አብሮ መታየት፣ ጎረቤት እንደ ባልና ሚስት ማየቱ፣ የገንዘብ መደጋገፍ፣ ልጆችን አብሮ ማሳደግ ይታያል። ሁሉም መሟላት አለበት አልተባለም። ቶሮንቶ ያለ ሰው የጋራ የባንክ ሒሳብና የመብራት ደረሰኝ ያቀርባል። ጉዴሌ ላይ ግን ኪራዩ በእጅ ይከፈላል፣ ውኃው ከታንከር ይገዛል፣ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ምን ይቀርባል?

መጀመሪያ የስደተኛ ምዝገባ ወረቀታችሁን ተመልከቱ። ሁለታችሁ በተለያየ ጊዜ ስለ መጣችሁ በሁለት ካርድ ተመዝግባችሁ ይሆናል። ይህ በኋላ "አብረው ከኖሩ ለምን ተለያይተው ተመዘገቡ?" የሚል ጥያቄ ያመጣል። የስደተኞች ጉዳይ ኮሚሽንን ወይም ዩኤንኤችሲአርን ጠይቃችሁ በአንድ ቤተሰብ ሥር ሁኑ። ራሽን ይቀነስብናል ብሎ ተለያይቶ መቆየት የኋላ ኋላ የሚጎዳው ራስን ነው። ቀጥሎ የቤቱ ባለቤት ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቋችሁ ቀን ጠቅሰው ይጻፉላችሁ። የሰፈሩ ሹም፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አስተዳደር፣ የኮሚኒቲው ማኅበር የሚሰጡት ደብዳቤም ይጠቅማል። "ጥሩ ሰዎች ናቸው" የሚል ደብዳቤ ግን ምንም አይሠራም። የት ቤት፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ ጸሐፊው እንዴት እንዳወቀ ይግለጽ። የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ የልጅ የልደት ማስረጃ፣ ስሙ በአባትነት የተጻፈበት የትምህርት ቤት ወረቀት፣ በኤም ጉሩሽ ወይም በሐዋላ የተላከ ገንዘብ፣ ቀን ያላቸው ፎቶግራፎች ይያዙ። የልጆቹ የዘር ምርመራ አባትነትን ያሳያል፤ አብሮ መኖርን ግን ብቻውን አያስረዳም።

ከዚህ ሁሉ ጋር "አይ ኤም ኤም 5409" የሚባለውን የአብሮ መኖር የመሐላ ቅጽ ሁለታችሁም መሐላ ለመቀበል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ትፈርማላችሁ። "አይ ኤም ኤም 5532" የተባለው ደግሞ እንዴት እንደተዋወቃችሁ ይጠይቃል። ሁለታችሁ ለየብቻ ስትጠየቁ ቀኑ እንዳይጋጭ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የምታውቁትን ወደ ፈረንጅ ስትመልሱ ተጠንቀቁ። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል እንደ ወሩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ እውነተኛ ጥንዶች በዚህ ብቻ ተጠራጣሪ ፊት ሲቀርቡ አይተናል። በውጊያው ጊዜ ሰነድ የጠፋበት ሰው ምን እንደጠፋና እንዴት እንደጠፋ በራሱ ቃል ይጻፍ።

አገር ቤት ሚስት ወይም ባል ያለው ሰውስ? ከእርሷ ጋር ያለው ትዳር በእውነት ፈርሶ ተለያይተው ከኖሩ፣ ፍቺው በፍርድ ቤት ባይጸድቅም አብሮት የሚኖረውን ሰው ማስመዝገብ ይችላል፤ መለያየቱን ግን ማስረዳት አለበት። ሁለቱንም ይዞ መሄድ አይቻልም። ይህን ደብቆ ማለፍ የሚቻል የሚመስለው ሰው አለ። በሐሰት ማመልከት በካናዳ ሕግ አምስት ዓመት ያሳግዳል። በገንዘብ "ሚስት" ሆነው ፋይል ላይ ለመግባት የሚደራደሩም እንዳሉ እንሰማለን፤ ደላላው ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ ታጋጁ ግን አመልካቹ ነው። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ ያለ ክፍያ መሆኑንም በድጋሚ እናሳስባለን።

ወደ እህታችን እንመለስ። ወንድማችን ስላላስመዘገባቸው የአንድ ዓመት መስኮቱ ለእሳቸው አልተከፈተም፤ በመደበኛው መንገድም ደንቡ ያግዳቸዋል። ነገር ግን የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 የጀመረው የሙከራ መርሐ ግብር አለ። በስደተኝነት የገባ ሰው ያላስመዘገበውን የትዳር ጓደኛና ልጅ፣ ያኔ ቢያስመዘግብ ኖሮ ለራሱ ዕድል እንቅፋት የማይሆንበት ከነበረ፣ ስፖንሰር እንዲያደርግ ይፈቅዳል። መርሐ ግብሩ በየጊዜው የሚራዘም ስለሆነ፣ ማመልከቻው በሚገባበት ቀን በሥራ ላይ መሆኑን ወንድማችን እዚያው ካናዳ እንዲያረጋግጥ ነግረናቸዋል። ከዚህ ሌላ በሰብዓዊ ርኅራኄ ምክንያት እንዲታይላቸው መጠየቅ ይቻላል፤ በዚያ ጊዜ የልጆቹ ጥቅም ይመዘናል፤ ውሳኔው ግን የባለሥልጣኑ ነው።

እሳቸውም የቤቱን ባለቤት ደብዳቤ፣ የሁለቱን ልጆች የክትባት ካርድና ወንድማችን ከሄደ ወዲህ የላከውን ገንዘብ ማስረጃ ይዘው ተመልሰዋል። "ያላገባ" ብሎ የሞላበትን ምክንያት ሳይደብቅ በራሱ እጅ ጽፎ እንዲልክላቸው ጠይቀናቸዋል። ደብዳቤው ገና አልደረሰንም።