ቅሬው ለቀብር ብቻ ነውን?

በቢስቲማና በአካባቢዋ የሚኖር ሰው ቅሬ ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቃል። ሌላው አገር እድር የሚለውን የወሎ ሰው ቅሬ ይለዋል። ሰው ባረፈ ጊዜ ጥሪ ይተላለፋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ውሃ ቀድተው፣ እንጀራ ጋግረው የለቅሶውን ቤት ይደግፋሉ። ሳይወጣ የቀረ ይቀጣል። ይሁን እንጂ ቅሬው የሙታን ብቻ አይደለም። አምቡላንስ ባልነበረበት ዘመን፣ ዛሬም መኪና በማይገባበት ቀበሌ፣ የታመመውን በቃሬዛ አስተኝቶ በትከሻ እየተቀባበለ እስከ መኪና መንገድ የሚያደርሰው ይኸው የቅሬው ጎረምሳ ነው።

እንግዲህ የእኛ ሰው በሽተኛ መሸከም ያውቅበታል ማለት ነው። እኔ ዛሬ ለአንባቢዎቼ የማወራው ግን ቃሬዛ ስለማይደርስበት ሐኪም ቤት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከማስተምራቸው ልጆች መካከል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቿ ሲሯሯጡ እርሷ ከመቀመጫዋ አትነሣም። ጧት ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ትቆማለች፤ አርፍዳም ትገባለች። እኔም ስንፍና መስሎኝ በክፍሉ ፊት ተቆጣኋት። አንድ ቀን ወደ ሰሌዳው ብጠራት፣ ጠመኔውን እንደ ያዘች ትንፋሽ አጠራትና መሬት ላይ ተቀመጠች። እግሯ አብጦ ጫማዋ እንደ ጠበባት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ያ ቁጣዬ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል።

ወላጆቿ በሐይቅ በኩል ወደ ደሴ ወሰዷት። ኢኮ በሚባለው፣ በድምፅ ሞገድ የልብን ሥራ በሚያሳየው መሣሪያ ስትመረመር፣ ደም ወደፊት አሳልፈው ወደኋላ እንዳይመለስ ከሚዘጉት የልብ በሮች አንዱ ጠብቦና ደርቆ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘላትና ውሎ አድሮ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ነገራቸው። ከግቢው ሲወጡ ያገኙት አንድ ዘመድ ደግሞ፣ «ይህ የሚሠራው ሕንድ አገር ነው» አላቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ከሕንድ በቀር የሚወራ ነገር ጠፋ።

አባትዮው አንድ ቀን ማታ ከቤቴ ድረስ መጥተው፣ «መምህር፣ አንቱ የተማሩ ነዎት፤ ለመሆኑ ሕንድ ስንት ይፈጃል?» ብለው ጠየቁኝ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርቴ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» ብለው ያጽናኑኝ እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በብዙ ቤት የሚሆነው ነው። ጥንድ በሬ ተሸጠ፤ ፍየሎቹም ተከተሉ። ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እኅቷ ደመወዟን ላከች። ዓርብ በመስጊዱ በር፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ጨርቅ ተዘረጋ። በገበያ ቀን ፎቶግራፏና የባንክ ሒሳብ ቁጥር የታተመበት ሸራ በመኪና ላይ ተሰቅሎ በድምፅ ማጉያ ተለመነ። በስልካቸው በቴሌብር የላኩም ነበሩ። እኛ መምህራን ከደመወዛችን፣ ተማሪዎቹ ከሻይ ገንዘባቸው አዋጣን። እናትዮዋ ግን በዚያ ወራት ገበያ መውጣት ተዉ። «ልጄን በሸራው ላይ ሳያት የሞተች ትመስለኛለች» ይሉ ነበር።

የውጭ አገር ሐኪም ቤት የሚከፈለው በብር ሳይሆን በዶላር ነው። በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንባቢ ራሱ ያስላው፤ 10 ሺሕ ዶላር የሚጠይቅ ሕክምና በፊት 570 ሺሕ ብር ገደማ ነበር፤ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። የምንዛሪው ለውጥ ለአገር መልካም ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለኢኮኖሚ ሊቃውንት እተዋለሁ። እኔ ያየሁት በሬውን ሸጦ ግማሽ መንገድ ተጉዣለሁ ያለ አባት፣ አንድም ብር ሳያባክን ወደ ሩቡ መመለሱን ነው።

ገንዘቡ ቢሞላ እንኳ ሌላ ደጅ አለ። ለሕክምና ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ከባንክ ምንዛሪ ለማግኘት የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ይጠየቃል። ቦርዱም በቅድሚያ የሚመረምረው፣ «ይህ ሕመም በአገር ውስጥ ሊታከም አይችልምን?» የሚለውን ነው። እኛ በሬውን፣ ፍየሉን፣ የእኅቷን ላብ ያወጣነው ይህን ጥያቄ ሳንጠይቅ ነበር። በሬዲዮ የሰማ፣ በጋዜጣ ያነበበ ሰው በመካከላችን አልጠፋም፤ ነገር ግን «ሕንድ» የሚለው ቃል ጆሯችንን ደፍኖት ነበር።

እውነቱን ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገም። በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚታከሙበት ማዕከል አለ። መሥራቹ የሕፃናት ልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ ናቸው። እኚህ ሐኪም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት አቋቋሙ። የልብ ቀዶ ሕክምና በአገር ውስጥ ስላልነበረ፣ ድርጅቱ ለዓመታት የሠራው ሕፃናቱን ተራ በተራ ወደ ውጭ አገር እየላከ ማሳከም ነበር። በኋላ ግን ልጅን ባሕር ከማሻገር ሐኪሙንና መሣሪያውን ወደ አገር ማምጣት ይሻላል በሚል ሐሳብ፣ በአገር ቤትም በውጭም ካሉ ለጋሾች በተገኘ ርዳታ ማዕከሉ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ከውጭ የሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖች ቀዶ ሕክምናውን ይሠሩ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም አጠገባቸው ቆመው እየተማሩ በኋላ ራሳቸው ቢላዋውን ጨበጡ። የኩላሊት ንቅለ ተከላም እንዲሁ የባሕር ማዶ ነገር ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀመረ።

ይህ ሁሉ ሲባል ነገሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ልብን ከፍቶ ለመጠገን በመጀመሪያ ማቆም ያስፈልጋል። ልብ ቆሞ ሳለ ደሙን የሚያዘዋውርና አየር የሚያቀብል መሣሪያ ያስፈልጋል። በዚህ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካ ቀዶ ሕክምና ያደረገው አሜሪካዊው ዶክተር ጆን ጊበን ሲሆን፣ ጊዜው በ1953 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው ፊላደልፊያ ነው። በሽተኛዋም የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። መሣሪያው የሚጠቀምባቸው ዕቃዎችና ሰው ሠራሽ የልብ በሮች ዛሬም ከውጭ በምንዛሪ ይገዛሉ። ስለዚህ ነው በአዲስ አበባ ወረፋው ረጅም የሆነው፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ሕፃናት ተራ ሲጠብቁ ኖረዋል። በጎረቤት አገር በካርቱም፣ የኢጣልያ በጎ አድራጊዎች በ2007 እ.ኤ.አ. የከፈቱት የልብ ሐኪም ቤት የሌላ አገር ሰዎችን ጭምር በነፃ ያክም ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የተነሣው የሱዳን ጦርነት ያንን መንገድ አስቸጋሪ አደረገው።

እንዲያው ለመሆኑ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ልብ በምን ይታመማል? ከልደት የሚመጣ የልብ ሕመም አለ፤ በአገራችን ተማሪዎች ላይ በብዛት የሚታየው ግን ከጉሮሮ የሚጀምረው ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ተሕዋስ ጉሮሮን ያቆስላል፤ ልጁ ያተኩሰዋል፤ ምግብ መዋጥ ያቅተዋል። በብዙ ቤት «ቶንሲል ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አንዳንድ ቦታ እንጥሉ ይቆረጣል። እንጥል መቁረጥ ተሕዋሱን አይገድልም፤ ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ። በአንዳንድ ልጆች ላይ፣ ጉሮሮው ከዳነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰውነት ተሕዋሱን ለመከላከል ያዘጋጀው ኀይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ጉልበት ያብጣል፤ ከዚያም ይሻላል። ጉሮሮው በተደጋጋሚ በታመመ ቁጥር ግን የልብ በሮች እየጠበቡ ወይም እየላሉ ይሄዳሉ።

አሳዛኙ ነገር መድኃኒቱ ፔኒሲሊን መሆኑ ነው። ጉሮሮው በታመመ ጊዜ በደንብ ከታከመ ልብ ይድናል። አንድ ጊዜ የተነካ ልብ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ይጠበቃል። በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች ይህን በሽታ ከአህጉሪቱ ለማጥፋት ሰባት ተግባሮች ዘርዝረው መግለጫ አወጡ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤም ስለዚሁ ውሳኔ አሳለፈ። እንግዲህ በአንድ መርፌ ሊገታ የሚችል ነገር ነው ጥንድ በሬ አሽጦ ያልበቃው።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። ነገሩን አጣርቼ ለአባትዮው ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ወደ ቅሬው ሄድን። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ብትሞት ሁላችንም መውጣታችን አይቀርም፤ ያኔ የምናወጣውን ዛሬ እናውጣ» አሉ። ከዚህ በላይ የተናገረ አልነበረም። ከየቤቱ የሚዋጣው ተወሰነ፤ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ ገቢው ሁሉ በደረሰኝ እንዲሆን፣ ወጪውም በየወሩ በስብሰባ ላይ እንዲነበብ ተስማማን። ሐሰተኛ ለማኞች የበሽተኛ ፎቶግራፍ እየያዙ ሕዝቡን ስላታለሉት፣ ደረሰኝ ለእውነተኛው በሽተኛ ክብሩ ነው። ገንዘቡም ለአዲስ አበባ መጓጓዣ፣ ለማደሪያ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት ዋለ። ልጅቱ ተመርምራ ተራ ይዛለች።

ለተማሪዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች፣ በተለይም በመንደራቸው «የተማረ» ተብለው ለሚጠየቁት፣ ከዚህ የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍል። ለሕክምና ገንዘብ ከመለመኑ በፊት የሕመሙ ስም በጽሑፍ ይያዝ፤ በአገር ውስጥ የሚሠራበት ቦታ መኖሩም ሐኪም ይጠየቅ። የጠበበ የልብ በር አንዳንድ ጊዜ ደረት ሳይከፈት፣ በደም ሥር በሚገባ ትንሽ ፊኛ ሊሰፋ ይችላል። ሒሳቡም በቀዶ ሕክምናው ቀን አያልቅም። ሰው ሠራሽ የብረት በር የገባለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን ኪኒን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ የደሙንም የመርጋት መጠን እየቆየ ያስመረምራል፤ ጎመን እንኳ አንድ ጊዜ አብዝቶ ሌላ ጊዜ መተው አይገባውም። ይህን ሳያስብ የተሰበሰበ ገንዘብ ልጁን አውሮፕላን አሳፍሮ ይመልሳል እንጂ በሕይወት አያቆይም።

የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች አንዱ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበር። መድኑ የውጭ አገር ሕክምና አይከፍልም፤ ለጉሮሮ ሕመም ጤና ጣቢያ መሄድን ግን ያቀላል። ትልቁ ቁጠባ ያለውም እዚያ ነው።

ልጅቱ በየአራት ሳምንቱ መርፌዋን ትወጋለች። ጧት ዳገቱ ሥር ካገኘኋት እርምጃዬን ቀነስ አድርጌ አብሬያት እወጣለሁ፤ በቆመችበት እቆማለሁ። በክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ጉሮሮዬን አመመኝ» ካለኝ፣ እንደ ቀድሞው «ቁጭ በል» አልለውም። ወረቀት ቀድጄ ለጤና ጣቢያው እጽፍለታለሁ። እስከ አሁን ያለ ሥራ ሄዱ ብሎ የወቀሰኝ የለም፤ ቢወቅሰኝም ግድ የለኝም።